ማሩ ለምን ቀረ? ከጅማ ለአጭር የውጭ ጉዞ ለሚነሳ ሰው የአየር ማረፊያ ፍተሻ ማብራሪያ

አክስቴ ልጇን ልትጠይቅ ለስድስት ቀን ስትወጣ፣ ከሂርማታ ገበያ ቀምሳ፣ ተከራክራ የገዛችው አንድ ኪሎ ማር ነበራት። ሻንጣ ውስጥ ቢሰበርስ ብላ ጠርሙሱን በነጠላ ጠቅልላ የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ፈታሿ ልጅ ጠርሙሱን አወጣችና ዘንበል አደረገችው። ሁለቱም ቆመው አዩ። ማሩ ቀስ እያለ፣ እየተጎተተ ወደ አንድ ጎን ሄደ። «እናቴ፣ ይሄ ፈሳሽ ነው፤ በእጅ አያልፍም» አለቻት። አክስቴ እስከ ዛሬ አልተዋጠላትም። ቡና በተፈላ ቁጥር «ማንኪያ የሚያቆም ማር እንዴት ፈሳሽ ይባላል?» ትላለች።

ጥያቄዋ ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን ፍተሻው ከየት እንደመጣና ምን እንደሚፈልግ ማወቅ ያስፈልጋል። ሰሞኑን ደግሞ በየአገሩ ፍተሻው ጠበቅ ስላለ ከጅማ ተነስቶ ዱባይ፣ ኢስታንቡል፣ ናይሮቢ ወይም አውሮፓ አራት አምስት ቀን ቆይቶ ለሚመለስ ሰው ጉዳዩ ከማርም ያልፋል። ሁለት ወር ለሚቆይ ሰው አንድ ቀን ቢጠፋ ምንም አይደል፤ በአምስት ቀን ጉዞ ላይ ግን የጉዞው አንድ አምስተኛ ሄደ ማለት ነው። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«ፍተሻ ጠብቋል» ሲባል ምን ተለወጠ ማለት ነው?

ብዙ ጊዜ አዲስ ሕግ ወጣ ማለት አይደለም። ያው የነበረው ሕግ በብዙ ሰው ላይ፣ በብዙ ቦታ፣ በበለጠ ጥንቃቄ ይሠራል ማለት ነው። ከአሥር ሻንጣ አንዱ ይከፈት ከነበረ አሁን ሦስት አራቱ ይከፈታል። መኪና ከተርሚናሉ ርቆ ይቆማል፣ ሸኚ ከበር አያልፍም፣ አንድ ጊዜ የተፈተሸ ሰው አውሮፕላኑ በር ላይ ሲደርስ እንደገና ይፈተሻል። ከዚህ ሁሉ ተጓዡ ላይ የሚደርሰው ሰዓት ማጣት ነው።

የዓለም አገሮች የሚከተሉት የጋራ ደንብ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ1974 ያጸደቀው ሲሆን፣ «አባሪ 17» ይባላል። እሱ ግን ወለሉ ነው፤ ከዚያ በታች መውረድ አይቻልም፣ ከዚያ በላይ መጨመር ግን የየአገሩ ፈንታ ነው። ስለዚህ ሁለት ቦታ አውሮፕላን እየቀየረ የሚሄድ ሰው የሚገዛው በመንገዱ ላይ ካሉት ሁሉ በጠበቀው ደንብ ነው። «ቦሌ አሳልፈውኝ እዚያ ወሰዱብኝ» የሚለው ስሞታ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የሚመጣ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እንለይ፤ ሰው ሁሉንም «ፍተሻ» ይለዋልና። ሻንጣ የሚመዘንበትና የመሳፈሪያ ወረቀት የሚሰጥበት ቼክ-ኢን የአየር መንገዱ ሥራ ነው። ኤክስሬዩና መዳበሱ የደኅንነት ሥራ ነው፤ ማንነትን ሳይሆን ዕቃን ያያል። ፓስፖርት የሚመታው ኢሚግሬሽን ነው። ዕቃችሁ ግብር ይከፈልበታል ወይ፣ የተከለከለ ነው ወይ የሚለው ጉምሩክ ነው። አንዱ ያሳለፈውን ሌላው ሊከለክል ይችላል። ለምሳሌ ጥሬ ሥጋ ለደኅንነት ሰዎች ምንም አይደለም፤ ለጉምሩክ ግን ነው።

ማሽኑ ሻንጣዬ ውስጥ ምን ያያል?

ጅማ ያደገ ሰው የቡና መጋዘን አይቶ ያውቃል። ገዢው ከጆንያው ፊት ይቆምና ጫፉ የሾለ፣ ውስጡ ባዶ ብረት ጆንያው ላይ ይወጋል፤ በብረቱ ቦይ ጥቂት ፍሬ እየተንሸራተተ መዳፉ ላይ ይወርዳል። ነጋዴው በዚህ አይቀየምም። ጆንያ ከውጭ ሁሉም ጆንያ ነው፤ የላዩ ጥሩ ሆኖ የመሐሉ ሊለይ ይችላል። ኤክስሬይ ሻንጣውን ሳይወጋ ያንኑ ይሠራል።

ማሽኑ ጨረሩን በሁለት ዓይነት ጉልበት ይልካል። ነገሮች ጨረሩን የሚያስቀሩት እንደየተሠሩበት ስለሆነ፣ ኮምፒውተሩ ልዩነቱን አስልቶ ቀለም ይቀባዋል። ብረት ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ከእንስሳና ከተክል የመጣ ነገር፣ ምግብ፣ ወረቀት፣ ጨርቅ፣ ፕላስቲክ፣ ብርቱካንማ ይሆናል። በመካከል ያለው አረንጓዴ ነው። ችግሩ ፈንጂ የሚሆኑ ነገሮችም አብዛኞቹ የሚወጡት በዚያው በብርቱካንማ መሆኑ ነው። ሁለት ኪሎ ቡና በላስቲክ ተጠቅጥቆ፣ ላዩ ላይ የሞባይል ቻርጀርና የተጠላለፈ ገመድ ሲያርፍበት ስክሪኑ ላይ ምን እንደሚመስል አስቡት። ፈታሹ ሻንጣውን የሚያስከፍተው ስለጠረጠራችሁ አይደለም፤ ምስሉ አልለይ ስላለው ነው።

ከዚህ አንድ የሚጠቅም ነገር ይወጣል። ምግቡን በአንድ ጎን፣ ኤሌክትሮኒክሱን በሌላ ጎን አድርጉ፤ አንዱን በሌላው ላይ አትደርድሩ። ላፕቶፕ አውጡ የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ባትሪውና ሰሌዳው ጥቅጥቅ ስለሚል ከሥሩ ያለውን ይጋርዳል።

ሰው የሚያልፍበት በር ብረት ብቻ ነው የሚፈልገው። አነስተኛ የመግነጢስ ሞገድ ይለቅና ብረት ሲያገኝ ይጮኻል፤ ኤክስሬይ አይደለም። የአንገት መስቀልም፣ ቀበቶም፣ ኪስ ውስጥ የተረሳ የመቆለፊያ ቁልፍም ያስጮኸዋል። አንዳንዱ በር ደግሞ ምንም ሳይያዝ በዕጣ እንዲጮህ ተደርጎ ነው የሚሞላው፤ ስለዚህ ጮኸ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሦስተኛ ነገር አለ። መዳፋችሁን ወይም የሻንጣችሁን እጀታ በትንሽ ጨርቅ አሽተው ጨርቁን ማሽን ውስጥ ያስገባሉ። የሚፈለገው ዓይን የማያየው የፈንጂ ብናኝ ነው። የተወሰኑ ማዳበሪያዎችና ግሊሰሪን ያለባቸው የእጅ ቅባቶች ግን ማሽኑን ሊያሳስቱት ይችላሉ። ትናንት ማሳ ላይ ማዳበሪያ ሲበትን የዋለ ሰው ዛሬ በዚያው ጫማና በዚያው ቦርሳ ባይጓዝ ይሻለዋል። ማሽኑ ቢጮህ እንኳ ውጤቱ ሁለተኛ ፍተሻና ጥቂት ጥያቄ ነው።

ፈሳሽ ለምን 100 ሚሊ ሊትር ተባለ?

ኦገስት 2006 ለንደን ውስጥ አንድ ሴራ ተደረሰበት። ሰዎቹ ያሰቡት ለስላሳ መጠጥ በሚመስል ጠርሙስ ፈሳሽ ፈንጂ ይዘው ወደ አሜሪካና ካናዳ በሚሄዱ አውሮፕላኖች ላይ ለመሳፈር ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የአውሮፓ ኅብረት እያንዳንዱ ፈሳሽ ከ100 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ ዕቃ ሆኖ፣ ሁሉም ተጠቃሎ አንድ ሊትር በሚይዝ በሚታይ ላስቲክ ውስጥ ይሁን አለ። ከዚያ ዓለም ተከተለ። የያኔው ኤክስሬይ ውኃን ከአደገኛ ፈሳሽ መለየት ስለማይችል፣ ያለው አማራጭ መጠኑን ማሳነስ ብቻ ነበር።

ለእኛ ግን ጠርሙስ ከዚያም በፊት ታሪክ አለው። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 የጠለፉት ሦስት ሰዎች ቦምብ ይዘናል ብለው ነበር። በኋላ እንደታወቀው ቦምብ የተባለው የተሸፈነ የመጠጥ ጠርሙስ ነው። አውሮፕላኑ ነዳጁ አልቆ ኮሞሮስ ባሕር ላይ ሲወድቅ፣ ከተሳፈሩት 175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። ያንን የሚያስታውስ ሰው ቦሌ በር ላይ ጫማና ቀበቶ አውልቁ ሲባል ብዙም አያጉረመርምም።

አሁን ወደ አክስቴ ማር እንመለስ። ደንቡ «ፈሳሽ» የሚለው በፊዚክስ መጽሐፍ ትርጉም አይደለም። የሚፈስ፣ የሚቀባ፣ የሚጨመቅ ወይም የያዘውን ዕቃ ቅርጽ የሚይዝ ነገር ሁሉ ፈሳሽ ነው። ማር፣ ቅቤ፣ እርጎ፣ አዋዜ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቫዝሊን፣ ሽቶ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ ሁሉም። (ጸጉር ላይ የተቀባውን ቅቤ ማንም አይጠይቅም።) የሚታየውም የዕቃው መጠን እንጂ የቀረው ፈሳሽ አይደለም። 200 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ቅባት ከሩብ በታች ቢቀረው እንኳ አያልፍም። መድኃኒትና የሕፃን ምግብ ግን ከገደቡ ውጪ ናቸው፤ አውጥቶ ማሳየት ብቻ ነው።

«አሁን እኮ ገደቡ ተነሥቷል» የሚልም አለ፤ ግማሽ እውነት ነው። እንደ ሆስፒታሉ ሲቲ ስካን ሻንጣውን በየአቅጣጫው ቆራርጦ የሚያሳይ አዲስ ማሽን መጥቷል፤ ያ ማሽን ያላቸው አንዳንድ የአውሮፓ አየር ማረፊያዎች ከ2025 ክረምት ወዲህ ተለቅ ያለ ፈሳሽ ማሳለፍ ተፈቅዶላቸዋል። እናንተ ግን መንገዳችሁ ላይ ያሉት ሁሉ ያ ማሽን እንዳላቸው ስለማታውቁ በ100 ሚሊ ሊትር መኖር ነው። አክስቴ ማሩን በሚጫነው ሻንጣ፣ በሁለት ላስቲክ ታስሮ፣ በልብስ መሐል ብታስገባው ኖሮ ልጇ ይበላው ነበር።

በርበሬውስ? ቡናውስ?

ዱቄት የተጠረጠረው ከፈሳሽ በኋላ ነው። በ2017 አውስትራሊያ ውስጥ አውሮፕላን የማፈንዳት ሴራ ከተደረሰበት በኋላ፣ ከጁን 30 ቀን 2018 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚበር ሰው በእጁ የያዘው ዱቄት ከ350 ሚሊ ሊትር ከበለጠ ለብቻው ይመረመራል፤ ምንነቱ ካልታወቀ ይቀራል። 350 ሚሊ ሊትር አንድ ቆርቆሮ ለስላሳ የሚይዘው ያህል ነው። እንግዲህ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ምጥን፣ የተፈጨ ቡና ሁሉም ዱቄት ነው። የምትሄዱበት አገር ይህ ደንብ ባይኖረውም ዱቄት ሁሉ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ቢገባ ጣጣ የለውም።

ቡናን በተመለከተ የራሴ ምክር ቆልታችሁ ሳትፈጩ ያዙ የሚል ነው። ፍሬው ሲታይ ቡና ነው፤ ማንም አይሳሳትም። የተፈጨ ቡና ግን ሽታው ኃይለኛ ስለሆነ አደንዛዥ ዕፅ የሚያዘዋውሩ ሰዎች ዕፅ ለመደበቂያ ይጠቀሙበታል፤ ስለዚህም ብዙ ጊዜ ይከፈታል። ለወዳጅ አገር ቤት አገር ቤት እንዲሸተው ብላችሁ በላስቲክ ብቻ ቋጥራችሁ አትያዙ፤ ስም የተጻፈበት የታሸገ ከረጢት ይሻላል።

ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ከሆነ ቋንጣ፣ ቅቤና አይብ ይቅሩ። ከኅብረቱ ውጪ የሚመጣ ተጓዥ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዲገባ አይፈቀድለትም፤ ምክንያቱም የከብት በሽታ ፍራቻ ነው። ማር ግን እስከ ሁለት ኪሎ ያስገባሉ።

ባለ ሦስት እግሯ የጅማ በርጩማስ? ከአንድ ግንድ የተጠረበች ስለሆነች ኤክስሬዩ ላይ ምንም አታስቸግርም፤ የሚያስቸግረው መጠኗ ነው። ለአውስትራሊያና ለኒውዚላንድ ብቻ ተጠንቀቁ። እንጨት የሆነ ነገር መግቢያ ላይ ተናግሮ ማሳየት ግዴታ ነው፤ ነቀዝ ይፈራሉ።

«ይቺን ብቻ አድርሺልኝ» ስባል ምን ልበል?

ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። ከእኛ ሰፈር ሰው ውጭ ሊሄድ ነው ከተባለ ሁለት ቀን ሲቀረው በሩ ይንኳኳል። አንዷ ለእህቷ ዳቦ ቆሎ፣ አንዱ ለልጁ መድኃኒት፣ አንዱ ተጠቅልሎ የተሰፋ «ትንሽ ነገር» ያመጣል። እምቢ ማለት ነውር ነው፤ አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። በሌላ በኩል ቼክ-ኢን ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ እንዲህ የሚል ነው፦ ሻንጣህን ያሸግከው ራስህ ነህ? ሰው አድርስልኝ ብሎ የሰጠህ ነገር አለ? ጥያቄው ለወግ ይመስላል፤ ግን አይደለም። «እኔ ነኝ ያሸግኩት» ያለ ሰው በውስጡ ለሚገኘው ሁሉ ተጠያቂ ነው። «የሰው ነው፣ አላውቅም» የሚለው ቃል ከዚያ በኋላ ብዙ አያድንም።

በጅማ ደግሞ ስሙን ጠርተን የምንነጋገረው ነገር አለ፤ ጫት። እዚህ በየመንገዱ ይሸጣል፣ ይታረሳል፣ ግብር ይከፈልበታል። ስለዚህ ሰው እንደ ቅጠል እንጂ እንደ ወንጀል አያየውም። ብሪታንያ ከጁን 2014 ጀምሮ ከልክላዋለች፤ አሜሪካም፣ ሳዑዲ ዓረቢያም፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም የተከለከለ ነው። ደርቆ «ሻይ ቅጠል» ተብሎ ቢታሸግም ያው ነው። ለሦስት ቀን የዱባይ ጉዞ ሄዶ በሰው አደራ እስር ቤት መግባት ለማንም አይገባም።

መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ትራማዶል እዚህ ለሕመም ይታዘዛል፤ በግብፅና በኤምሬቶች ግን ጥብቅ ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት ነው። የራሳችሁ ከሆነ በመጀመሪያው ማሸጊያው፣ ስማችሁ ካለበት የሐኪም ማዘዣ ጋር ያዙ፤ ቁጥጥር ያለበት ዓይነት ከሆነ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት የአገሩን ኤምባሲ ጠይቁ። የሌላ ሰው ከሆነ አትያዙ።

እንዴት ነው እምቢ የሚባለው? አንድ ጎረቤታችን የምታደርገው ደስ ይለኛል። ዕቃ ይዞ የመጣውን ሰው አስቀምጣ፣ ቡና እየፈላ፣ «ና በል አብረን እናሽገው» ትለዋለች። ዳቦ ቆሎውን ትሪ ላይ ትዘረግፈዋለች፣ ልብሱን ታራግፋለች፣ ከዚያ ራሷ ታሽጋለች። የሰጪው ስልክና የተቀባዩ ስም ወረቀት ላይ ይጻፋል። ሲከፈት የሚቀየም ሰው ካለ ዕቃውን ይዞ ይመለሳል። ባለፈው አንዱ በእርግጥ ይዞ ተመልሷል፤ ምን እንደነበረ ማንም አልጠየቀውም።

ፓወር ባንክ ለምን በሚጫነው ሻንጣ አይገባም?

የሊትየም ባትሪ ውስጡ ሲበላሽ ራሱን በራሱ እያሞቀ ይሄዳል፤ አንዴ ከተቀጣጠለ በቀላሉ አይጠፋም። ሰው ባለበት ቢሆን ጭሱ ይታያል፣ አስተናጋጆቹ ውኃ ያፈሱበታል። ሻንጣ በሚጫንበት በአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ከሆነ ግን ማን ያያል? ስለዚህ ፓወር ባንክና መለዋወጫ ባትሪ በእጅ ብቻ ነው የሚያዙት። ጃንዋሪ 28 ቀን 2025 ደቡብ ኮሪያ ውስጥ አንድ አውሮፕላን መሬት ላይ እንደቆመ ተቃጠለ፤ ሰው ሁሉ ወጣ። መርማሪዎች ፓወር ባንክን እንደ ምክንያት ጠረጠሩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አየር መንገዶች አጥብቀዋል፤ ኤሚሬትስ ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ በበረራ ላይ መጠቀምን ከልክሏል።

ገደቡ 100 ዋት-ሰዓት ነው። ላዩ ላይ የተጻፈውን ሚሊ አምፒር-ሰዓት (mAh) ለ1,000 አካፍላችሁ በ3.7 አባዙት። 20,000 የሚል ፓወር ባንክ 74 ይመጣል፤ ያልፋል። 30,000 የሚል 111 ነው፤ ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ አያልፍም። ጽሑፉ የተፋቀ ከሆነ ደግሞ ፈታሹ የሚያነበው ስለሌለ ይወስደዋል። ገበያ ላይ «50,000» ተብሎ የሚሸጠው እውነትም ያን ያህል አይዝ ይሆናል፤ ግን የሚነበበው የተጻፈው ነው። በራሱ ውሸት ይወረሳል ማለት ነው።

ትኬቱ ላይ ያለው ስም፣ ቀንና ሰዓት

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ ስም፣ የአባት፣ የአያት ነው። የውጭ ፎርም ደግሞ «የቤተሰብ ስም» ካልሞላህ አላልፍም ይላል። ከመጨነቅ ፓስፖርቱን ግለጡና ፎቶው ያለበት ገጽ ግርጌ ያሉትን ሁለት መስመሮች ተመልከቱ፤ የቀስት ጫፍ የሚመስል ምልክት የተደረደረባቸው ናቸው። ማሽን የሚያነበው እነሱን ነው። ትኬትም፣ ቪዛም፣ ሆቴልም እዚያ በተጻፈው ፊደል ይሁን። መታወቂያችሁ ላይ አንድ ፊደል ለየት ብሎ ቢጻፍ ፓስፖርቱ ነው የሚረታው። ፍተሻ በላላ ጊዜ በአንድ ፊደል ስህተት ፈገግ ብለው ያሳልፉ ነበር፤ አሁን ግን አይመከርም።

ሰዓቱ የባሰ ነው። እኔ ራሴ በዚህ ተጎድቻለሁ። ትኬቴ ላይ «ቅዳሜ 00:40» ይላል። ቅዳሜ ማታ ራቴን በልቼ፣ ቤተሰብ ተሰናብቼ፣ አየር ማረፊያ ስደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ ወደ ሃያ ሰዓት ሆኖታል። በእነሱ አቆጣጠር ቀን የሚለወጠው በእኛ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ቅዳሜ 00:40 ማለት እኛ «ዓርብ ሌሊት 6፡40» የምንለው ነው። ዓርብ ማታ ነበር መሄድ የነበረብኝ። ጥፋቱ የእኔው ነው፤ ትኬቱ በትክክል ነው የተጻፈው።

ቀላሉ ስሌት ስድስት መቀነስ ነው። 21:30 ሲል ስድስት ሲቀነስ 15:30፣ ከዚያ አሥራ ሁለት ሲቀነስ ማታ 3፡30። ከ00:00 እስከ 05:59 ላለ ሰዓት ደግሞ ስድስት ጨምሩና «በዋዜማው ማታ ነው የምሄደው» በሉ። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከነሌሊቱ ግድግዳ ላይ ጻፉት።

ቪዛና ወረቀት በአጭሩ

ፓስፖርቱ ከመመለሻ ቀን በኋላ ስድስት ወር ይኑረው፤ ብዙ አገር ይህን ይጠይቃል። የቢጫ ወባ ክትባት ከተወሰደ አሥር ቀን ሳይሞላው ካርዱ አይጸናም፤ አንዴ ከጸና ግን ከ2016 ወዲህ ለዕድሜ ልክ ነው። ስለዚህ በመጨረሻው ሳምንት የሚሮጥበት ነገር አይደለም።

አውሮፓ ለሚያስብ ሰው፦ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኤፕሪል 2024 ለኢትዮጵያውያን የሼንገን ቪዛ (አብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚሰጡት) መልስ መስጫ ጊዜን ከ15 ወደ 45 ቀን አራዝሟል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ያስፈልጋል። አሻራ ለመስጠት አዲስ አበባ በአካል መሄድ ስላለ ለጅማ ሰው አንድ ተጨማሪ ጉዞ ጨምሩበት። ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ሼንገን ድንበር ላይ በማኅተም ፈንታ አሻራና ፎቶ የሚመዘግብ ሥርዓት ተጀምሯል። የገባችሁበትና የምትወጡበት ቀን በኮምፒውተር ይቆጠራል፤ ሰልፉም በዚያው ልክ ይረዝማል።

የሆቴል ማረጋገጫ፣ የመመለሻ ትኬት፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ታትመው እጅ ላይ ይሁኑ። ስልክ ውስጥ ያለ ወረቀት ባትሪ ሲያልቅ የለም።

ከጅማ ስንት ሰዓት ልነሳ?

ከአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ አዲስ አበባ በበረራ ከአንድ ሰዓት በታች ነው፤ በመኪና ወደ 350 ኪሎ ሜትር። ከጅማ እስከ መጨረሻው መዳረሻ በአንድ ትኬት ከተቆረጠ፣ የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ቀጣዩን ማስተካከል የአየር መንገዱ ኃላፊነት ነው። ለየብቻ ከተቆረጠ ግን ኃላፊው እናንተ ናችሁ። ጅማ ላይ ጠዋት ጭጋግ ሲወርድ በረራ ይዘገያል፤ መንገዱም የራሱ ነገር አለው። ለየብቻ የቆረጠ ሰው ዋዜማውን አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ቢያድር አይጸጸትም።

ቦሌ ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ መድረስ የተለመደው ምክር ነው። ፍተሻ በጠበቀበት ወቅት ግማሽ ሰዓት ብትጨምሩ ቡና መጠጫ ይሆናችኋል እንጂ አይባክንም። ቼክ-ኢን ብዙውን ጊዜ አንድ ሰዓት ሲቀረው ይዘጋል፤ ሰልፍ ላይ ነበርኩ ማለት በሩን አያስከፍተውም።

ለብቻዬ ቢጠሩኝስ?

አሜሪካ ለሚሄድ ሰው የመሳፈሪያ ወረቀቱ ላይ አራት ጊዜ «ኤስ» ከታተመ ለተጨማሪ ፍተሻ ተመርጧል ማለት ነው። በዕጣም ይወጣል። ሻንጣው ይከፈታል፣ እጅ ይታሻል፣ ያልፋል።

በእጅ የሚዳብስ ፈታሽ በአብዛኛው የተፈታሹ ጾታ ነው። ሒጃብ ወይም ሻሽ ያደረገች ሴት ሴት ፈታሽና የተከለለ ክፍል መጠየቅ ትችላለች፤ መጠየቁ ጥርጣሬ አያመጣም። ጥያቄ ሲጠየቅ አጭርና እውነት ይመለስ። እንግሊዝኛው ካስቸገረ «አልገባኝም» ማለት «የስ» ከማለት ይሻላል። ስለ ቦምብ መቀለድ ግን በየትኛውም ቋንቋ አይሞከር። «ምን፣ ፈንጂ ይዤ ነው?» ያለ ሰው ቢያንስ በረራው ያመልጠዋል።

ስመለስስ?

በመልሱ ጉዞ ሰው ይዘናጋል። ከመጨረሻው ፍተሻ በኋላ ነፃ ቀረጥ ሱቅ የተገዛ ሽቶ ወይም መጠጥ፣ ደረሰኙ እየታየ በታሸገ ላስቲክ እስካለ ድረስ በእጅ ያልፋል፤ አውሮፕላን ውስጥ ከተከፈተ ግን ተራ ፈሳሽ ይሆናል። ከውጭ ገብቶ ወደ ጅማ የሚቀጥል ሰው ደግሞ ቦሌ ላይ ሻንጣውን ተቀብሎ ጉምሩክን ካለፈ በኋላ ለአገር ውስጥ በረራ እንደገና ይፈተሻል። ስለዚህ ሻንጣው ከተሽከርካሪው ቀበቶ ላይ እንደወረደ እዚያው ጥግ ይዛችሁት ክፈቱና ሽቶውን ልብስ መሐል አስገቡት። የሚያዩአችሁ ሰዎች ምን ሆነው ነው ይላሉ፤ ጅማ ስትደርሱ ግን ሽቶው አብሯችሁ ይደርሳል።